ያልተሰበረው መስታወት

የሟቹ ፊት ታጥቧል።

መርማሪዋ መጀመሪያ ያስተዋለችው ይህንን ነው። ልብሱ ከአንገቱ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ነጭ አቧራ ለብሷል። ጸጉሩ ውስጥ የልስን ፍርፋሪ አለ። ከራሱ አጠገብ ትልቅ ድንጋይ ወድቋል። ፊቱ ግን ከግንባሩ እስከ አገጩ ንጹሕ ነው፤ ከጆሮው ሥር የወረደች የውኃ ጠብታ አንገቱ ላይ ባለው አቧራ ቀጭን መስመር አስምራለች።

«ጋሼ፣ እስቲ ይህን ይዩት፤» አለች።

ሳጅኑ በዕድሜ ከእሷ ብዙ ይበልጣል፣ በማዕረግ ብዙ ያንሳል። ሁለቱም ለምደውታል። ጉልበቱን ይዞ እያቃሰተ ቁጢጥ አለ።

«ገድሎ ፊት የሚያጥብ ሰው አይቼ አላውቅም፣ አለቃ። ድንጋይማ ጭራሽ አያጥብም።»

ሟቹ የማዘጋጃ ቤቱ የቤቶች ተቆጣጣሪ ነበር። ሥራው ያረጁ ቤቶችን እየዞረ መለካትና ለሰው መኖሪያ የማይበቁትን መለየት ነው። ሬሳው የተገኘው ድሮ ሆቴል በነበረ፣ አሁን አሥራ አራት ቤተሰብ በስስ የኮምፖርሳቶ ግድግዳ ተከፋፍሎ በሚኖርበት ባለ ሦስት ፎቅ ቤት፣ ታችኛው ኮሪደር መካከል ነው። በሩ ላይ ሟቹ ራሱ የለጠፈው ማስታወቂያ አለ። «ለመኖሪያ የማይበቃ። እስከ ዓርብ ይለቀቅ።» ዕለቱ ማክሰኞ ነው።

ነዋሪዎቹ ደረጃው ላይ ተደርድረው ቆመዋል። ብዙዎቹ እያለቀሱ ነው።

«ቤቱ ነው የገደላቸው፤» አሉ ታችኛው ፎቅ የሚኖሩት ልብስ አጣቢ፣ እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ። «ጠዋት ሊያዩን መጡ፤ ድንጋዩ ከላይ ወረደባቸው። በቃ።»

«ሲወርድ አይተዋል፣ እትዬ?»

«ድምፁን ሰማሁ።»

«ፊታቸውን ያጠበው ማን ነው?»

አሮጊቷ እጃቸውን ደግመው በቀሚሳቸው ጠረጉ። ከኋላቸው የቆሙት ሁሉ አንገታቸውን ደፉ።

መርማሪዋ ቀና ብላ ጣራውን አየች። ጣራው እንጨት ነው። ድንጋይ የወጣበት ቀዳዳ የለውም። ቀጥላ ግድግዳውን አየች። ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ከላይ እስከ ታች ይወርዳል። ስንጥቁን አቋርጦ፣ ሁለት ጫፉ በጄሶ የተያዘ፣ የማስመሪያ ስፋት ያለው ስስ መስታወት ተለጥፏል። ቀን ተጽፎበታል። ጭረት እንኳ የለበትም።

ወደ ሬሳው ተመለሰች። ጫማው ሥር ጥቁር እርጥብ አፈር ተጣብቋል፤ የኮሪደሩ ወለል ግን ደረቅ ነው። ሸሚዙ ኮሌታ ላይ ደግሞ የጣት ስፋት ያላቸው ሰማያዊ እድፎች አሉ።

«እዚህ አይደለም የሞተው፤» አለች ለሳጅኑ በጆሮው።

«እኔን የገረመኝ ሌላ ነው፤» አለ ሳጅኑ። «ከቤታቸው ሊያስወጣቸው ለመጣ ሰው እንዲህ የሚያለቅስ ሕዝብ የት አለ? የኔ አከራይ ቢሞት ከረሜላ ነው የማድለው።»

*

የቤቶች ክፍል ኃላፊው ቢሮ ግድግዳው በከተማው ካርታ ተሸፍኗል። ካርታው ላይ ቀይ ነጠብጣብ የበዛበት ሰፈር ኩፍኝ የያዘው ፊት ይመስላል። ኃላፊው እንቅልፍ ያጣ፣ ንግግሩ ቁርጥ ቁርጥ ያለ ሰው ነው።

«መስታወቱ ምን ያደርጋል?» አለች መርማሪዋ።

«ይሰበራል። ሥራው እሱ ነው። መስታወት አይለጠጥም፣ አይታጠፍም። ግድግዳው የጸጉር ያህል ከተንቀሳቀሰ ቋ ይላል። ያኔ ቤቱን ‹አደገኛ› ብለን እንመዘግበዋለን፤ ነዋሪዎቹን በዚያው ቀን ምትክ ቤት ማስገባት ግዴታችን ነው። ካልተሰበረ ግን ቤቱ ‹ለመኖሪያ የማይበቃ› ብቻ ነው። ማስታወቂያ እንለጥፋለን፤ ይወጣሉ።»

«ወዴት?»

ኃላፊው መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። «ደንቡ ስለ ‹ወዴት› የሚለው የለም።»

«ታዲያ መስታወቱን አንዱ በመዶሻ ቢለውስ?» አለ ሳጅኑ።

«በመዶሻ የተመታ ከመካከሉ ይፈነጣጠራል። ቤት የሰበረው ከዳር እስከ ዳር አንድ መስመር ነው። ሟቹን በዚህ የሚሸውደው አልነበረም። የየቤቱ ነዋሪዎች ደጋግመው ለምነውት ያውቃሉ፤ ‹የማነበውን እንጂ የምሰብረውን አልጽፍም› ነበር መልሱ።» መነጽሩን መልሶ አድርጎ ጨመረ፦ «ሌላም አለ። ነዋሪው ራሱ ቤቱን ከነካካ፣ ግድግዳ ካፈረሰ ወይም ምሰሶ ከጨመረ፣ ምትክ የማግኘት መብቱ ይቀራል። ቤቱን የለወጠ እሱ ነው ተብሎ።»

«ሟቹ የዚያን ቤት መስታወት ቶሎ ቶሎ ያየው ነበር?»

«በጣም። ሌላው ቤት በወር አንድ ጊዜ ከሆነ እዚያ በየሳምንቱ ነበር። ያ ቤት በስሌታችን ከወደቀ መቆየት ነበረበት። ‹ለምን እንዳልወደቀ ገብቶሃል?› ብዬ ጠየቅኩት። ሳቀና ወሬ ቀየረ።»

*

በማግስቱ የባለ ሦስት ፎቁ ቤት አከራይ በራሱ መኖሪያ በር ላይ ተቀበላቸው። ቀኝ እጁ እስከ አንጓው ሰማያዊ ነው። ሳጅኑ የመርማሪዋን ክንድ ነካ አደረገ።

«እኔማ ለምን እደብቃለሁ?» አለ አከራዩ። «ቦታው ባዶ እንዲሆንልኝ እፈልጋለሁ። ባለ ሰባት ፎቅ ፕላን አለኝ። ግን እሱን ሰውዬ ገድዬ ምን ላተርፍ? ዓርብ የሚያስወጣልኝ እሱ ነበር እኮ!»

«ትላንት ጠዋት የት ነበሩ?»

«እዚሁ። ይህን በር ስቀባ። ጎረቤቱ ሁሉ አይቶኛል፤ እንዲያውም ‹ቀለሙ የሰማይ ሳይሆን የሱቅ ነው› ብለው ሲያሾፉብኝ ነበር የዋሉት።»

ጎረቤቶቹ አንድ በአንድ ተጠየቁ። በሩን ሲቀባ ማየታቸውን ሁሉም አረጋገጡ፤ በቀለሙ ማሾፋቸውንም አልካዱም።

መርማሪዋ የሟቹን ሸሚዝ ከማስረጃ ከረጢት አውጥታ የኮሌታውን እድፍ በእርጥብ ጥጥ ነካችው። ሰማያዊው እንደ ዱቄት ተነሳ። በሩ ላይ የደረቀውን ቀለም በሌላ እርጥብ ጥጥ አሸችው፤ ምንም አልወጣም።

«ቀለም አይደለም፤» አለች። «ጠመኔ ነው።»

«አስተማሪ ልንፈልግ ነዋ!» አለ ሳጅኑ።

ስልኳ ጠራ። ሬሳውን የመረመረው ሐኪም ነው። ይህ ሐኪም ሲያወራ እንደ ሂሳብ ነው፤ ያን ቀን ግን ድምፁ ሌላ ነበር።

«ድንጋይ አልወደቀበትም፤ እሱ ነው ድንጋይ ላይ የወደቀው። ግን ስሚኝ፤ ከመውደቁ በፊት ቀኝ ትከሻው ደቋል። በአንድ ምት አይደለም። ቀስ በቀስ ነው። መዳፎቹ የእንጨት ስንጥር ሞልቷቸዋል። ይህ ሰው ከአቅሙ በላይ የሆነ ነገር ትከሻው ላይ ተጭኖት፣ አጥንቱ እየተሰበረ ሸክሙን አልጣለም።»

«ለምን አልጣለውም?»

«ይህ የሕክምና ጥያቄ አይደለም። እኔም ከጠዋት ጀምሮ እሱን ነው የማስበው።»

*

ረቡዕ ከሰዓት የቤቱን ነዋሪዎች በየክፍላቸው አነጋገሩ። ሁሉም አንድ ቃል ነው የሚናገሩት፦ ድምፅ ሰማን፣ ወረድን፣ ሞተው አገኘናቸው። ከወለሉ ሥር ዕቃ ቤት እንዳለ ሲጠየቁ ሁሉም «ድሮ ተደፍኗል» አሉ።

ሁለተኛው ፎቅ ላይ የሚኖረው ልብስ ሰፊ በሩን ሲከፍት ጥቁር ጨርቅ በእጁ ይዟል። ክፍሉ አንድ አልጋ፣ አንድ የስፌት መኪናና አንድ መስኮት ነው። ከአልጋው በላይ ግድግዳው በሻጋታ ጠቁሯል፤ ሳጅኑ እጁን ቢያስጠጋው ረጠበ። አልጋው ላይ ሚስቱ በሦስት ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። ተጋድማ መተንፈስ አትችልም።

«ግቡ… ግቡ…» አለች፤ ሦስተኛውን ቃል ሳል ነጠቃት።

«ትላንት ጠዋት ሐኪም ቤት ነበርን፤» አለ ባልየው ሳይጠየቅ። «ካርዷ ይኸው።»

መርማሪዋ ካርዱን አየችው። ትክክል ነው። ወደ ሴትየዋ ዞረች። «ወረፋው ረጅም ነበር?»

«እሱ… በር ላይ አድርሶኝ… ተመለሰ። ቀጠሮ ያለው… ሱሪ ነበረው።»

ልብስ ሰፊው የጨርቁን ጫፍ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ምንም እንዳልሰማ ሰው ከኪሱ ጠፍጣፋ ጠመኔ አወጣና የመቁረጫውን መስመር አሰመረ። ጠመኔው ሰማያዊ ነው። መስመሩ ጠመመ።

ሳጅኑ አፉን ሊከፍት ሲል መርማሪዋ በዓይኗ ዝም አሰኘችው። የሚቀራት አንድ ነገር ነበር። ሰውዬው የሞተበትን ቦታ አታውቅም።

*

ሐሙስ ማለዳ መርማሪዋና ሳጅኑ ሳያስታውቁ ደረሱ። በቤቱ በር ሲገቡ መርማሪዋ እጇን አንስታ ቆመች።

ከእግራቸው ሥር ድምፅ ይመጣል። ቋ። ዝም ይላል። ቋ። ደግሞ ከሌላ ጥግ፣ ቋ። እንደ ሰዓት የተስተካከለ አይደለም፤ አንዱ ሲጨርስ ሌላው ተራውን የሚቀበል ይመስላል።

ልብስ አጣቢዋ ሳፋቸውን ታቅፈው ወጡ። «አይጥ ነው፤» አሉ ሳይጠየቁ።

«እትዬ፣» አለ ሳጅኑ፣ «በዚህ ዕድሜዬ መዶሻ የያዘ አይጥ አላጋጠመኝም።»

መርማሪዋ ወደ አሮጊቷ ክፍል ገባች። ወለሉ ላይ የፈሰሰው የልብስ ውኃ ሳይጠራቀም በሳንቃዎቹ መካከል እየሰረገ ወደ ታች ይጠፋል። ውኃው የሚሄድበትን ተከትላ ትልቅ በርሜል የቆመበት ጥግ ደረሰች። በርሜሉን ለሁለት ገፉት። ከሥሩ የብረት ቀለበት ያለው ክዳን ነበር።

«ልጄ፣» አሉ አሮጊቷ፣ ድምፃቸው ተሰብሮ፣ «ነገን ለምነን እናራዝም ይሆናል፤ እሱን ከከፈትሽ ግን አሥራ አራት ቤት መንገድ ላይ ነው የምትበትኚው። በሞቴ አትክፈቺው።»

መርማሪዋ እጇ ቀለበቱ ላይ እንዳለ ቆየች። ማስታወቂያውን አሰበች፤ ነገ ዓርብ ነው። ያን የደቀቀ ትከሻም አሰበች።

ክዳኑን ከፈተችው።

ደረጃው መጨረሻ ላይ ባትሪዋን ስታበራ ያየችውን ለመረዳት ጊዜ ወሰደባት። መጀመሪያ ጫካ መሰላት። ከአፈሩ ወደ ላይ የቆሙ ቋሚዎች፣ አንዱ ከአንዱ ጀርባ፣ ብርሃኑ እስከሚደርስበትና ከዚያም ወዲያ ይቀጥላሉ። የአልጋ እግር አለ። የበር መቃን አለ። የኤሌክትሪክ ምሰሶ ቁራጭ፣ የውኃ ቧንቧ፣ ቅርፊቱ ያልተላጠ የዛፍ ግንድ፣ የድሮው ሆቴል ባንኮኒ ጠርብ። ሁሉም የላይኛውን አግዳሚ ደግፈዋል። እያንዳንዱ ላይ የጨርቅ ቁራጭ ታስሯል፤ ቀይ፣ ቡኒ፣ አበባ ያለው፣ የሕፃን ልብስ እጀታ። የእያንዳንዱ እግር ሥር ቋሚውን የሚያጠብቅ የእንጨት ሽብልቅ ገብቷል። የሽብልቆቹ ራስ በመዶሻ ብዛት ለስልሶ ያብረቀርቃል። በቋሚዎቹ መካከል አንዳንድ ሰዎች መዶሻ እንደያዙ ደንግጠው ቆመዋል።

መርማሪዋ የመሠረቱን ግድግዳ በጣቷ ነካችው። እንደ እርጥብ ስኳር ተንዶ እግሯ ላይ ወረደ። ግድግዳ አልነበረም። ባለ ሦስት ፎቅ ቤት፣ ምድጃው፣ አልጋው፣ የተኛው ሕፃን ሁሉ የቆመው በእነዚህ እንጨቶች ላይ ብቻ ነው።

ሳጅኑ ኮፍያውን አወለቀ።

«ለያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ክፍል፣ የየራሱ ቋሚ፤» አሉ አሮጊቷ ከኋላ። «እርጥበት ሲሆን እንጨቱ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሳሳል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት እያንዳንዱ የራሱን ሽብልቅ ይመታል። አንዱ ቢታመም ጎረቤቱ ይመታለታል። አንዴ ሟቹ ተከትለውን ወርደው አዩን። አለቀልን አልን። እሳቸው ግን ልክ እንደናንተ ዝም ብለው ቆሙ። በማግስቱ ውኃ ልክ መለኪያ ይዘው መጡ፤ የተጣመመውን አቃኑልን። ‹ይህ ቢታወቅ ደንቡ ባዶ እጃችሁን ያስወጣችኋል› አሉን። ማስታወቂያውንም የለጠፉት ሥራቸው አስገድዷቸው ነው። ማክሰኞ እዚህ ወድቀው ስናገኛቸው ዕቃ ቤቱ እንዳይታወቅ ወደ ላይ አወጣናቸው። ድንጋዩን ያስቀመጥነው እኛ ነን። ፊታቸውን ያጠብኩት እኔ ነኝ። አፈር ለብሰው እንዴት ልተዋቸው?»

መርማሪዋ ባትሪዋን በቋሚዎቹ ላይ ቀስ ብላ አሳለፈች። አንዱ ጋ ስትደርስ ቆመች። ጥቁር ጨርቅ የታሰረበት ነው። ሽብልቁ ከሌሎቹ በተለየ ትኩስ ቁስል አለው። ቋሚው ላይ አራት ሰማያዊ የጣት አሻራዎች ነበሩ። ከአጠገቡ ከመሬት ብቅ ያለ ድንጋይ በደረቀ ደም ጠቁሯል።

«ይህ የማን ነው?»

ነዋሪዎቹ ወደ ደረጃው ዞሩ።

«የኔ ነው፤» አለ ልብስ ሰፊው። ደረጃው ላይ ቆሟል። እነሱ በርሜሉን ሲገፉ ሰምቶ ነው የወረደው።

«ይንገሩኝ።»

«መስታወቱ እንዲሰበር ፈለግኩ።» እየቆጠበ ተናገረ፤ ለብዙ ሌሊት ያጠናው ነገር ይመስል ነበር። «ሳሏን ሰምታችኋል። ዓርብ ወጥተን የት ነው የማስተኛት? ሰውዬውን ለመንኩት፤ አልሰብርም አለኝ። እኔም በመዶሻ እንደማይሆን አውቃለሁ። ቤቱ ራሱ ይስበረው አልኩ። እሷን ሐኪም ቤት አስቀመጥኩና መጥቼ የራሴን ሽብልቅ ላላ አደረግኩ። ትንሽ ብቻ። የጸጉር ያህል፣ እንደሚሉት። ወደ ላይ ወጥቼ ሥራዬን ያዝኩ።»

«እንጨቱ ግን የጸጉር ያህል አያውቅም፤» አለ ሳጅኑ በዝግታ።

«ቤቱ ሲያቃስት ሰማሁ። እየሮጥኩ ስወርድ ቋሚው ተንሸራቶ ወድቋል። እሱ…» ልብስ ሰፊው አፉን በእጁ ያዘ። «አግዳሚው ሥር ገብቶ ነበር። በትከሻው ይዞታል። መስታወቱን ሊያይ መጥቶ፣ ድምፁን ሰምቶ ነው የወረደው። ከላይ ሕፃናት ነበሩ፤ እትዬ ነበሩ። ትከሻው ሲሰበር በጆሮዬ ሰማሁት። ‹ተወው፣ ውጣ!› አልኩት። ‹ቋሚውን አምጣ፤› አለኝ። እሱን ብቻ። አምጥቼ አቆምኩ። ‹ምታ!› አለኝ፣ መታሁ። ‹ጨምር!› አለኝ፣ ጨመርኩ። ‹በቃ፣ ያዘ፤› አለና ተዝለፈለፈ። ልይዘው ኮሌታውን ጨበጥኩ። አመለጠኝ። ራሱ ድንጋዩ ላይ አረፈ።»

መርማሪዋ ወደ ላይ ተመለከተች፤ ከጣራው በላይ ያለውን ኮሪደር፣ ስንጥቁንና ያንን ስስ መስታወት በሐሳቧ አየችው። ጭረት እንኳ ያልነካው ለምን እንደሆነ አሁን ገባት።

«ለምን ዝም አሉ?»

«ኃጢአቱ የኔ ብቻ ቢሆን ያኔውኑ እናገር ነበር። ቦታው ግን የሁላችንም ነው።»

*

ኃላፊው ሊመጣ አልፈለገም ነበር። መርማሪዋ በስልክ «ኑና እዩ» ከማለት ሌላ ምንም አልነገረችውም።

ታች ወርዶ በቋሚዎቹ መካከል ረጅም ጊዜ ተመላለሰ። አንዱን በመዳፉ መታ መታ ያደርጋል፤ የሌላውን ጨርቅ ይዳስሳል፤ የፈረሰውን መሠረት ያይና አናቱን ይይዛል። ነዋሪዎቹ ፍርድ እንደሚጠብቅ ሰው ደረጃው ላይ ቆመዋል።

«ደንቡ ግልጽ ነው፤» አለች መርማሪዋ። «ቤቱን የለወጠ ነዋሪ ምትክ የለውም። ሪፖርቴ ላይ ደግሞ ያየሁትን ሁሉ እጽፋለሁ። አንድም አልቀንስም።»

«ለወጡ?» አለ ኃላፊው። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «ምኑን ነው የለወጡት? የሚለወጥ ቤት የታለ? ይህ ቤት ከወደቀ ቆይቷል። መሬት እንዳይደርስ ይዘው ያቆዩት እነሱ ናቸው።»

ብዕሩንና የመመዝገቢያ ወረቀቱን አወጣና እዚያው ጉልበቱ ላይ አድርጎ ‹አደገኛ› ብሎ ጻፈ።

ከሰዓት መኪኖች መጡ። ነዋሪዎቹ ዕቃቸውን ከመጫናቸው በፊት እንደገና ወደ ታች ወረዱ፤ ቤቱ ባዶ እስኪሆን ድረስ መያዝ አለበትና እያንዳንዱ ሽብልቁን መታ። ልብስ ሰፊው እጆቹ በካቴና ታስረዋል። መርማሪዋን አያት። ቁልፉን ያወጣው ሳጅኑ ነው።

አንድ ጊዜ መታ፤ ጆሮውን ቋሚው ላይ አስጠግቶ አዳመጠ። ከዚያ እጆቹን መልሶ ዘረጋ።

ሠራተኞቹ ቤቱን ከላይ ወደ ታች አፈረሱት። የመጨረሻው ወለል ሲነሳ ፀሐይ ወደ ዕቃ ቤቱ ገባች። ቋሚዎቹ ምንም ሳይሸከሙ፣ ጨርቆቻቸው በነፋስ እየተንቀሳቀሱ፣ ቀጥ ብለው ቆመው ታዩ። መንገደኛው ሁሉ ቆመ። ሊስቅ የመጣው አከራይም ሳይቀር ከአጥሩ ጥግ አፉን ከፍቶ ቀረ። የአፍራሾቹ ፎርማን «ማን ይጀምር?» ብሎ ቢጠይቅ ለረጅም ጊዜ እጁን ያወጣ አልነበረም።

ነዋሪዎቹ ተመልሰው መጥተው እያንዳንዱ ሽብልቁን ወሰደ። አንድ ብቻ ቀረ። እሱን መርማሪዋ ኤግዚቢት፣ የክስ ማስረጃ፣ አድርጋ ወሰደችው።

*

ከሁለት ወር በኋላ የልብስ ሰፊው ሚስት ወደ ጣቢያው መጣች። የመርማሪዋ ቢሮ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም።

«ሽብልቁን ላየው ነው የመጣሁት፤» አለች። «እንደማትሰጡኝ አውቃለሁ፣ እንዳትደክሚ። ጎረቤቶቼ ሁሉ የየራሳቸውን በአዲሱ ቤት መስኮት ላይ አስቀምጠውታል፤ የኛ መስኮት ብቻ ባዶ ነው። ትላንት ባሌን እስር ቤት ልጠይቀው ሄጄ ‹አይተሽው ነይ፣ ስንጥቅ እንዳለውና እንደሌለው ንገሪኝ› አለኝ። የሟቹንም ሚስት ሄጄ አነጋገርኳት፤ በር አልዘጋችብኝም። እሷም ልታየው ትፈልጋለች።»

መርማሪዋ ሽብልቁን ከመደርደሪያው አውርዳ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ሴትየዋ አልነካችውም። ዙሪያውን ጎንበስ እያለች አየችው።

«ስንጥቅ የለውም፤» አለች።

አመስግና ወጣች። እርምጃዋ ደረጃውን ሲወርድ እስኪጠፋ ድረስ መርማሪዋ አዳመጠች። ሴትየዋ አራት ፎቅ ወጥታ፣ ያን ሁሉ ተናግራ፣ አንድ ጊዜ እንኳ አላሳለችም።